አንድ ቁና አፈር

ይህ ነገር የሆነበትን ከተማ ስም አልጠራም። ብጠራው የዚያ አገር ሰዎች ይመጡና ስሙን አጥር ላይ ይስሉታል፤ ከተሳለ በኋላ ደግሞ ነገሩ አለቀ ይባላል። ስለዚህ ስም የሌለው ከተማ ይሁን። ከሩቅ ለሚያየው ሩቅ ነው፤ ለሚኖርበት ግን ደጁ ነው።

በዚያ ከተማ አንድ ሕግ ነበር። ቤት ሲፈርስ ቦታው በቆርቆሮ ይታጠራል። ቆርቆሮው ላይ ወደፊት የሚሠራው ሕንፃ ይሳላል። ሥዕሉ ከደረቀበት ቀን ጀምሮ ሕንፃው እንደቆመ ይቆጠራል።

ሌላው ሁሉ የዚህ ሕግ ልጅ ነው። በአጥሩ ሥር የሚያልፍ ሰው ፀሐይ ቢበረታም ጃንጥላ አይዘረጋም፤ ሕንፃው ጥላ ጥሎለታልና። ድምፁንም ዝቅ ያደርጋል፤ ውስጥ ሰዎች ሥራ ላይ ናቸውና። ከገጠር ዘመድ የመጣበት ሰው እንግዳውን አጥሩ ፊት አቁሞ ፎቆቹን ያስቆጥረዋል። እንግዳው «የታለ?» ካለ የሚቀጣው አስቆጣሪው ነው።

«ባዶ» የሚለው ቃል ክልክል ነበር። ባዶ ማሰሮ የሚባል የለም፤ ሊሞላ ያለ ማሰሮ ነው። ጠዋት ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ?» ሲባል «ሊሞላ ነው» ብሎ ይመልሳል። በረሃብ የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ሆዴ ሊሞላ ነው» ይላል፤ ሐኪሙም እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ያሰናብተዋል።

ሕጉ አንድ ችግር ብቻ ነበረበት። ፎቅ አጥር ላይ ይሳላል። ምድር ቤት ግን ከመሬት በታች ስለሆነ፣ አጥሩም መሬት ላይ ስለሚያበቃ፣ የሚሳልበት ቦታ የለም። ሊቃውንቱ ብዙ ተከራክረው ምድር ቤት እንዲቆፈር ወሰኑ። በዚያ አገር በእውነት የሚሠራው ነገር ጉድጓዱ ብቻ ነበር።

አጥሮቹን የሚጠብቅ የአጥር ሹም ይባላል። የአንዱ ሰፈር የአጥር ሹም ግዛቸው የሚባል ወፍራም ድምፅና ቀጭን አንገት ያለው ሰው ነበር። በየማለዳው ይመጣል። የተሳለውን በር በጣቱ ያንኳኳል፤ ጥቂት ይጠብቃል፤ ለተሳለው ዘበኛ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ይሄዳል። ይህን ሲያደርግ አይስቅም። ሰፈርተኛውም አይስቅም። መሳቅ የተፈቀደው ቤት ውስጥ ነው።

ከአጥሩ ጀርባ ያለው ጉድጓድ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ ይሞላል። ውሃው አረንጓዴ ሆነ፤ እንቁራሪት ገባበት። እንቁራሪቶቹ ሲጮሁ ሹሙ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይል ነበር።

በአጥሩ አጠገብ መልሰው የሚባል ወጣት አናጺ ይኖር ነበር። ሥራው በር መሥራት ነው፤ እውነተኛ በር። በዚያ ከተማ ብዙ ገበያ የለውም። ሚስቱ የሺመቤት ትባላለች። ብርቅነሽ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው።

ልጅቱ ጫጩት ተከትላ ቆርቆሮው በተላቀቀበት በኩል ገባች። ያወጣት አባቷ ነው። ስለዚህ ከዚህ በላይ አልናገርም።

በዚያ አገር ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩንባ ይነፋል። ነፊው የሟቹን ስምና የሞተበትን ቦታ ጠርቶ ነው የሚነፋው። ቦታ ያልተጠራለት ሞት ሞት አይባልም፤ ድንኳን አይተከልለትም፣ ንፍሮ አይቀቀልለትም፣ ለቅሶ አይደረስም። የሰፈሩ ጥሩንባ ነፊ ጋሽ ደባልቄ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጥሩንባቸውን በብብታቸው ይዘው ከመልሰው ጋር ወደ ሹሙ ሄዱ።

«የት ሞተች ልበል፣ ክቡር ሹም?»

«ማን?»

«የመልሰው ልጅ። ውሃው ውስጥ።»

«የምን ውሃ?» አለ ሹሙ። «ጋሽ ደባልቄ፣ እርጅና ተጫነዎት መሰለኝ። እዚያ ያለው ምድር ቤት ነው፤ የእንግዳ መቀበያ። በእንግዳ መቀበያ ሰው አይሰምጥም።»

«በእጄ ነው ያወጣኋት» አለ መልሰው።

ሹሙ ወደ አጥሩ አየ፤ ወደ መልሰው አላየም። «ልጅህ ሕንፃው ውስጥ ገብታለች። ስንቱ መግባት ይመኛል» አለ።

ጥሩንባው አልተነፋም። ልጅቱን ቀበሯት፤ ድንኳን ግን አልተተከለም። ጎረቤት በደጃቸው ሲያልፍ እግዜር ያጥናችሁ ማለት ስለማይችል መሬት መሬት እያየ ያልፍ ነበር። የሺመቤት ከዚያ ቀን ጀምሮ መናገር ተወች።

መልሰው ከሁለት ነገር በቀር የሚፈልገው አልነበረም። አንዱ ያ ጉድጓድ ሌላ ልጅ እንዳይወስድ ነው። የሞተችው ልጅ ሞተች እንድትባልም ይፈልግ ነበር፤ ያኛውን ግን ከማን እንደሚጠይቅ አላወቀም። ስለዚህ በሚችለው ጀመረ። ከጓሮው አንድ ቁና አፈር ቆፍሮ ተሸከመና ወደ አጥሩ ሄደ።

ሹሙ አንኳኩቶ ሲመለስ አገኘው።

«ምን ይዘሃል?»

«አፈር።»

«ወዴት?»

«ወደ ሕንፃው። የእንግዳ መቀበያው ወለል ዝቅ ብሏል።»

ሹሙ አሰበ። ሕንፃ የለም ማለት አይችልም። ሕንፃ ካለ ወለል አለው፤ ወለል ያለው ቤት ደግሞ ይጠገናል። «በቀኝ በር ግባ» አለው በመጨረሻ። «የግራው የባለሥልጣን ነው።»

መልሰው በተላቀቀው ቆርቆሮ ሾልኮ ገባ፤ ሹሙም በቀኝ በር እንደገባ ቆጠረለት። አፈሩ ውሃው ውስጥ ጠፋ። በማግስቱም ይዞ መጣ። በማግስቱም።

ይህን ካዩት አንዷ እትዬ ዘርፌ ነበረች። ጉልት የምትቸረችር ጎረቤታቸው ናት፤ ምላሷ ከሚዛኗ የፈጠነ ነው። አንድ ጠዋት አንድ ቁና አፈር ይዛ የመልሰውን ቤት አንኳኳች።

«ለወለሉ ነው» አለች።

አፈሩን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ ገባች። ከየሺመቤት አጠገብ መደብ ላይ ተቀመጠች። ምንም አልተናገረችም። ጥቂት ቆይታ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች፣ ቁናዋን አንስታ ወደ ጉድጓዱ ሄደች።

ሰፈሩ ያን ጊዜ ገባው። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ንፍሮ ተከልክሏል፤ ዳቦ ተከልክሏል፤ ለወለል የሚሆን አፈር ግን የከለከለ የለም። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ሁሉ ከየጓሮው አፈር እየያዘ መምጣት ጀመረ። እያንዳንዱ በሩ ላይ «ለወለሉ ነው» ይላል፤ ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ከዚያ ጉድጓዱ ጋ ሄዶ ይገለብጣል። ሹሙ ቆሞ ያይና «ሕንፃው እንዴት ያለ ፍቅር አለው» ይል ነበር።

ውሃው ወደ ላይ እየወጣ ፈሰሰ፤ ጭቃ ሆነ፤ ደረቀ። እንቁራሪቶቹ አንድ በአንድ ወጥተው ሄዱ።

«ስብሰባው ተበተነ» አለች እትዬ ዘርፌ።

ዝናብ ሲጀምር ከተሞላው አፈር ቡቃያ ወጣ። የዘራው ሰው የለም። አፈሩ ከየጓሮው ስለመጣ የየጓሮውን ዘር ይዞ መጥቷል። ከእትዬ ዘርፌ ቁና ጎመን በቀለ፤ ከጋሽ ደባልቄ ቃሪያና ጤና አዳም፤ ከመልሰው ዱባ። ሰዎቹ ሾልከው እየገቡ ያንን ያዩ ነበር።

«ይቺ የኔ ናት። ቅጠሏን አውቀዋለሁ» ይላል አንዱ።

«ትሁን። ግንዷም እንዳንተ ጠማማ ነው» ይለዋል ሌላው።

በዚያ ቦታ ሳቅ የተሰማው ያን ጊዜ ነው።

ዱባው ግን በአጥር ውስጥ አልተቀመጠም። ቆርቆሮውን ወጣና ወደ ውጭ ተሻገረ፤ በተሳለው ፎቅ መስኮት ላይ አንድ ፍሬ አንጠለጠለ። ሹሙ በማለዳ መጥቶ አንኳኩቶ ቀና ሲል አየው።

«ላይኛው ፎቅ ማን ገባ?» ብሎ ጠየቀ።

«እኛ በምን እናውቃለን፤ በሩን የሚያንኳኩት እርስዎ ነዎት» አለች እትዬ ዘርፌ።

«ዱባ ይመስላል።»

«ተከራይ ይሆናላ።»

ሹሙ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አየ። ተከራይ ከሆነ ሰላምታ ይገባዋል። ለዱባው ጎንበስ ብሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ደባልቄ ሰፈርተኛውን ሰበሰቡ። «ይህ ሁሉ ያለ ሰው በቀለ። ሰው ቢጨመርበትስ?» አሉ። ሁሉም እሺ አለ። አፈሩ ገና ልል የሆነበትን መሐሉን ትተው የቀረውን በገመድ ተካፈሉ። እስከዚህ ደህና ነበር።

ነገር ግን የዚያ ከተማ ልጆች ናቸው። ከሕፃንነታቸው የተማሩት አንድ ነገር ነው፤ የኔ የሚባል ይታጠራል፣ የታጠረ ይሳልበታል፣ የተሳለ አለ ይባላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁርጥራጭ ቆርቆሮ ለቃቅሞ መደቡን አጠረ። ቆርቆሮው ላይ ሊተክል ያሰበውን ሳለ። አንዱ ካሮት ሳለ፤ አንዱ ቀይ ሥር። እትዬ ዘርፌ ሰው የሚያክል ጥቅል ጎመን አሳለች። ሥዕሉ ሲደርቅ እየዞሩ ተመራረቁ። «ካሮትህ እንዴት ያለ ነው።» «ያንቺ ጎመንማ ለሠርግ ይበቃል።» ከዚያ ወደየቤታቸው ሄደው ተቀመጡ።

ከሰፈሩ በላይ የምትወርድ አንዲት የውሃ ቦይ ነበረች። እያንዳንዱ ወደ ራሱ አጥር ጠለፋት። ውሃዋ በየቦታው ተጠልፋ የትም ሳትደርስ ቀረች። ዝናቡ ሲያቆም እውነተኛው ቡቃያ በተሳለው አትክልት ሥር ጠወለገ። ያላየ ሰው አልነበረም፤ የተናገረ ግን የለም። «መደብህ እንዴት ነው?» ሲባል «ሊሞላ ነው» ይላል።

አንድ ጠዋት የሺመቤት ከቤቷ ወጣች። ያን የመጀመሪያ ቁና ይዛለች። ከመደብ መደብ እየሄደች በየአጥሩ ላይ ቁናውን ዘንበል አድርጋ ታሳያለች። ሰው ግራ ገብቶት ተከተላት። መሐሉ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ቁናውን አፉን ወደ ታች ገልብጣ ያዘችው።

«ባዶ ነው» አለች።

ቃሉ በዚያ ሰፈር ከተሰማ ዘመን አልፎታል። አንዳንዱ ጆሮውን ያዘ። ጋሽ ደባልቄ ሹሙ በአቅራቢያው እንደሆነ ለማየት ዞር አሉ።

«የሺ፣ ቀስ በይ እናቴ» አለቻት እትዬ ዘርፌ።

«ቤቴ ባዶ ነው፣ እትዬ። መደባችሁም ባዶ ነው። ልጄን የበላት አንድ አጥር ነው። እናንተ ስንት አደረጋችሁት?»

እትዬ ዘርፌ ወደ መደቧ ሄደች። ሰው የሚያክለውን ጎመን ከነቆርቆሮው ነቅላ ጣለችው።

«ድሮም አይቀቀል» አለች።

ሌሎቹም ነቀሉ። ያን ዕለት እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጠው ደንብ አወጡ። አልጻፉትም፤ አልሳሉትምም። ማንም የቆፈረውን መደብ ራሱ አይለቅምም። የጎረቤቱን ይቆፍራል፤ ጎረቤቱ የቆፈረለትን ይበላል። ስለዚህ የሰነፈ ሰው የሚያስርበው ጎረቤቱን ነው፤ ጎረቤቱ ደግሞ ቤቱን ያውቀዋል። ለውሃዋ የውሃ አባት ይኑራት ተባለና ጋሽ ደባልቄ ተመረጡ፤ የውሃ አባት የራሱን መደብ የሚያጠጣው ሁሉም ከጠጣ በኋላ ነው። ስለዚህ በሰፈሩ ውሃ ማጠሩ የሚታወቀው በጋሽ ደባልቄ ቃሪያ ነበር። በሥራ ቀን የቀረ ሰው ከበረቱ ፍግ ይሸከማል፤ ይህን ቅጣት ሁለተኛ የቀመሰ የለም። መልሰው አንድ እውነተኛ በር ሠርቶ ገጠመ። ቁልፉ በየሳምንቱ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ቁልፍ የያዘ ሰው የመክፈት ግዴታ አለበት እንጂ የመከልከል ሥልጣን የለውም።

ሊነሱ ሲሉ ጋሽ ደባልቄ አንድ ጨመሩ። «ያልነካኸውን አለ አትበል» አሉ።

«የነካኸውንም የለም አትበል» አለች የሺመቤት።

ሁለቱም ደንብ ሆኑ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቦታ ሰው ካሮት ደረሰ ከማለቱ በፊት እጁን አፈር ውስጥ ይሰዳል።

በጋው ገብቶም ቦታው አረንጓዴ እንደሆነ ቆየ። ሰፈሩ ጎመን በላ፤ ባቄላ በላ። ለአራስ ቤት ይላካል፤ ለታመመ ይላካል። አንዲት ሴት ፊቷን በነጠላ ሸፍና እየመጣች ከበሩ ጎመን ትወስድ ነበር። የሹሙ ሚስት መሆኗን ሁሉም ያውቃል። የሹሙ ደመወዝ ጤፍ ነው፤ ሹሞችን በሚሾመው በታላቁ ቤት ግድግዳ ላይ በስሙ ጎተራ ተስሎለታል። ስለዚህ ማንም አልጠየቃትም።

እንዲህ እያለ የቀለም በዓል ደረሰ። በዓመት በዓመት ሥዕሎቹ የሚታደሱበት ቀን ነው። ሹሙ ብዙ ቆርቆሮ ቀለም የተሸከመ ሠዓሊ አስከትሎ መጣ። የተሳለውን በር አንኳኳ። የዚያ ሳምንት ቁልፍ መልሰው እጅ ነበር፤ በጎን ያለውን እውነተኛውን በር ከፈተለት። ሰፈርተኛው ሥራ ላይ ነበርና ተሰበሰበ።

«ከታላቁ ቤት ትእዛዝ አለ» አለ ሹሙ። «ሕንፃው አንድ ፎቅ ይጨመርለታል። ምድር ቤቱ ደግሞ ጠፍቷል ተብሏል። ነገ ቆፋሪዎች ይመጣሉ። ከበፊቱ ጠልቆ ይቆፈራል።»

«መቼ ጠፋ፤ ሞላ እንጂ» አሉ ጋሽ ደባልቄ። «ዕድሜ ልካችንን ሊሞላ ነው ስንል ኖርን። አሁን ሞላ። ምነው ደስ አላለዎት?»

«አይቀልዱ፣ ጋሽ ደባልቄ።»

«ቢቆፈር የክቡርነትዎ እመቤት ጎመኑን ከየት ሊወስዱ ነው?» አለች እትዬ ዘርፌ።

«ባለቤቴ ጎመን አትበላም። ጎተራችን ሙሉ ነው።»

«አይተነዋል። እጁ ጥሩ ነው የሳለው ሰው።»

«አመሰግናለሁ» አለ ሠዓሊው።

ሹሙ አንገቱን አሻሸ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሙኝ። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። አንድ መላ አለ። ሠዓሊው አጥሩ ላይ የአትክልት ቦታ ይሳል። ከተሳለ ሕግ ነው፤ ማንም አይቆፍረውም። እኔም ከመጀመሪያው ጀምሮ አትክልት ነበር ብዬ አስታውቃለሁ።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንዳንዱ ፈገግ አለ።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ?» አለ መልሰው።

«ከመጀመሪያው። ጉድጓድ አልነበረም። እዚያ የገባ የለም፤ ከዚያ የወጣ የለም። አንድ ሰው ነበረ ካለ መላው ይፈርሳል፤ ቆፋሪዎቹ ይመጣሉ።»

«ታዲያ ልጄ የት ሞተች?»

«አንተ ልጅ፣ እሱን ለምን ትነካካዋለህ? ስንት ቤት ነው ከዚህ የሚበላው።»

ሁሉም ወደ መልሰው አዩ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ዝም ካለ ቦታው ይድናል፤ ልጁ ግን ሞታ አታውቅም። ከተናገረ ልጁ ሞተች ትባላለች፤ ነገ ግን ጉድጓዱ ይከፈታል።

መልሰው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በመዳፉ ላይ አሳያቸው። «ይህ የሳምንት ነው» አለ። «ቦታው የሁላችን ነው። ለብቻዬ አልቆርጥም። ዝም በል ካላችሁኝ ዝም እላለሁ።»

ውሃዋ በቦይዋ ስትሄድ ትሰማለች። ከዚያ እትዬ ዘርፌ መኮትኮቻዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እኔ የምኖረው በዚህ ጎመን ነው» አለች። «ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ።»

መልሰው ራሱን ዝቅ አደረገ።

«ጎመኑ ግን የበቀለው ለብርቄ ባመጣሁት አፈር ነው። አፈሩን በእጄ ነክቻለሁ። ጉድጓዱንም ነክቻለሁ። የለም አልልም።»

«እኔም ነክቻለሁ» አሉ ጋሽ ደባልቄ።

«እኔም» አለ ካሮት ስሎ የነበረው።

ከዚያ በየተራ፣ ከመደብ መደብ፣ ነክቻለሁ ነክቻለሁ ሆነ። ሁሉም ሲጨርሱ የሺመቤት ወደ ትልቁ አጥር ሄደች። በሩ የተሳለበትን ቆርቆሮ በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ራሷ ሳበችው። መልሰው መዶሻውን ይዞ ሄደ፤ ምስማሩን ነቀለላት። ቆርቆሮው ወደቀ። ዘበኛውም ወደቀ። ቀጥለው ሁለተኛውን ያዙ፤ ሰፈርተኛውም ገብቶ አገዘ።

«ክቡር ሹም፣ ታዲያ እኔ ምን ላይ ልሳል?» አለ ሠዓሊው።

ሹሙ «ተዉ፣ ተዉ» እያለ ወደ እነርሱ ሮጠ። በመደቦቹ መካከል መዞር ስለረዘመበት በመሐሉ አቋረጠ። መሐሉ ከተሞላ ጀምሮ ያልተተከለበት፣ በየጊዜው ዝቅ የሚል ቦታ ነው። ያን ቀን ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ነበር። ሹሙ እስከ ወገቡ ገባ።

ለመውጣት ሞከረ፤ ጨምሮ ሰጠመ። አፈሩን ሲይዘው አፈሩ ከእጁ ጋር ይመጣል። ሠዓሊው ብሩሹን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። መልሰው መዶሻውን ጣለ። በሆዱ ተኝቶ እየተንፏቀቀ ደረሰበት፤ ልጁን ባወጣበት እጅ ሹሙን በብብቱ ይዞ አወጣው።

ሹሙ ደረቅ መሬት ላይ ተቀመጠ። ካባው ጭቃ ነው፤ እጁ ጭቃ ነው። ማንም አልሳቀበትም።

ጋሽ ደባልቄ ቤታቸው ሄደው ጥሩንባቸውን ይዘው ተመለሱ። ሹሙ ፊት ቆሙ።

«የት ሞተች ልበል፣ ክቡር ሹም?»

ሹሙ እጁን አየ። ከዚያ መልሰውን አየው፤ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው።

«ጉድጓድ ውስጥ በሉ» አለ።

ጥሩንባው ተነፋ። «ብርቅነሽ መልሰው። የአናጺው የመልሰው ልጅ። የየሺመቤት ልጅ። በአጥር የተከለለ ጉድጓድ ውስጥ፣ ውሃ የወሰዳት።» ጋሽ ደባልቄ በየመንገዱ ማዕዘን እየቆሙ ነፉ። ጃንጥላ የዘረጋ ሰው አጠፈ፤ ይህኛውን ያደረገው ግን ለልጅቱ ነው። ድንኳኑ በአትክልቱ መካከል ተተከለ። ንፍሮው ከዚያው ቦታ በተለቀመ ባቄላ ተቀቀለ። የሺመቤት ያን ቀን አለቀሰች፤ ሰው ሁሉ ከቧት አለቀሰ። የዘገየ ለቅሶ ነው፤ ግን ደረሰ።

በማግስቱ ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ተሸክመው መጡ። ድንኳን አገኙ። በዚያ አገር ደግሞ፣ ሕጉ ምንም ይሁን፣ ለቅሶ ቤት አይታለፍም። አካፋቸውን ደጃፍ አስደግፈው ገቡ፤ ንፍሮ ዘገኑ።

«የማን ለቅሶ ነው?» ብሎ ጠየቀ አለቃቸው።

ተነገረው። ቆፋሪው አጎነበሰ። «ያን ጉድጓድ የቆፈርነው እኛ ነን» አለ። «ምድር ቤት ነው ብለውን ነበር።»

ከዚያ ተነስተው አካፋቸውን አነሱ። ሹሙ የገባበትን ቦታ አፈር አምጥተው ሞሉት፤ በእግራቸው ጠቀጠቁት። ሲሄዱ ለየቤታቸው ጎመን ተሰጣቸው።

ታላቁ ቤት ይህን ሲሰማ ግዛቸውን ሽሮ ሌላ ሹም ላከ። አዲሱ ሹም መጣ፤ የሚያንኳኳው አጥር አጣ። ሕጉን አገላበጠ። ሕጉ ስለተሳለው ብዙ ይላል፤ ስለማይታጠር ቦታ ግን ምንም አይልም። «እንግዲያው እዚህ ምንድን ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ ዘርፌ እጁን ይዛ ወደ መደብ ወሰደችውና «መጀመሪያ ይንኩ፣ ከዚያ ይናገሩ» አለችው። ወደ ታላቁ ቤት ምን ብሎ እንደላከ አይታወቅም። ሁለተኛ ቆፋሪ ግን አልመጣም። ግዛቸው አሁን እዚያው ይሠራል። በሥራ ቀን አይቀርም። የሚቆፍረው መደብ የመልሰው ነው፤ ማን እንደደለደለው አልተነገረም።

ከሌሎች ሰፈሮች ሰዎች ይመጣሉ። ቆመው ያያሉ። አንዳንዱ ሲሄድ ዘር ይለምናል፤ የሚሰጡት ግን ዘር ብቻ አይደለም። አንድ ቁና አፈር ጨምረው ያሸክሙታል። የየትኛው ሰፈር አጥር ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃሉና።

የተሞላ ጉድጓድ ይሰጥማል። ክረምት ባለፈ ቁጥር የአትክልቱ መሐል ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ቤት አንድ ቁና አፈር ይዞ ይመጣል፤ ስሟን ይጠራል፤ ይገለብጣል። መልሰውና የሺመቤት መጨረሻ ላይ ይመጣሉ፤ ከእሷ በኋላ የተወለደችውን ታናሿን አዝለው። እስካሁን ደልዳላ አልሆነም። ማንም ሊሞላ ነው አይልም። አፈር ብቻ ያመጣል።

እኔም ተረቴን መልሱ አልላችሁም። ስትመጡ ባዶ እጃችሁን አትምጡ።